ማከያ፦ አርማታን የሚያለሰልስ፣ ሲሚንቶን የሚያዘገይ

ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ሚክሰሩ አጠገብ የማይቀር ጭቅጭቅ አለ። ቫይብሬተር የያዘው ሠራተኛ «ወፍሯል፣ ውሃ ጨምሩበት!» ይላል። መሐንዲሱ ደግሞ «አንድ ጣሳ እንዳትጨምሩ!» እያለ ይጮኻል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የወፈረው አርማታ በፌሮዎቹ መካከል አይሾልክም፣ የቀጠነውም ሲጠነክር ደካማ ነው።

ይህን ጭቅጭቅ የሚያበርደው ነገር በጀሪካን ወይም በበርሜል ይመጣል። ሳይት ላይ «አድሚክስቸር» ይሉታል። እዚህ «ማከያ» ብለነዋል፣ «ማከል» ከሚለው ግስ። «ጭማሪ» ይበልጥ የተለመደ ነበር፤ ግን ቃሉን ደመወዝና የቤት ኪራይ ወስደውታል። ማከያ ከሲሚንቶ፣ ከውሃ፣ ከአሸዋና ከጠጠር ሌላ፣ አርማታው ሲቦካ በትንሹ የሚገባ ኬሚካል ነው፤ ብዙውን ጊዜ መጠኑ ከሲሚንቶው ክብደት 5 በመቶ አያልፍም። ሲሚንቶ ፋብሪካው ራሱ አብሮ የሚፈጨው ጂፕሰም ከዚህ አይቆጠርም።

ማከያ የሚሠራውን ለማወቅ መጀመሪያ ሲሚንቶው ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። «ሲሚንቶው ደረቀ» እንላለን እንጂ ሲሚንቶ በመድረቅ አይጠነክርም። ውሃውን ወስዶ ይዋሃደዋል፤ ወንዝ ውስጥ የተሞላ የድልድይ መሠረት እንኳ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ውህደቱ ሃይድሬሽን ይባላል። ለዚህ ውህደት ከሲሚንቶው ክብደት 40 በመቶ ገደማ የሚሆን ውሃ ይበቃል፣ ማለትም ለ50 ኪሎ ከረጢት ወደ 20 ሊትር። በ20 ሊትር የተቦካ አርማታ ግን በአካፋም አይገፋም። ስለዚህ 30 ሊትር ይገባል፣ ተቆጣጣሪ ዞር ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ። ትርፉ ውሃ የያዘው ቦታ በኋላ ጥቃቅን ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካዊው ዳፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ያሳየውም ይህንኑ ነው፤ ከሲሚንቶው አንጻር ውሃው በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል።

ታዲያ 20 ሊትሩ አርማታውን ለምን አያፈስሰውም? የሲሚንቶ ብናኞች ውሃ ሲነካቸው እርስ በርስ ተሳስበው ይጓጉላሉ፣ ከውሃውም የተወሰነውን መሃላቸው አፍነው ይይዙታል። የታፈነ ውሃ ምንም አያንሸራትትም። ማለስለሻ የተባለው የማከያ ዓይነት ብናኞቹ ላይ እየተለጠፈ ጉጉሉን ይበትናል፣ ውሃውም ይለቀቃል። ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚገኘው ሊግኖሰልፎኔት ብናኞቹን ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ሰጥቶ ያገፋፋቸዋል፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ ውሃ ያስቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ የወጣው ፖሊካርቦክሲሌት ደግሞ «ልዕለ ማለስለሻ» ከሚባሉት ነው። ሞለኪዩሉ ረጃጅም ጭራዎች ስላሉት እያንዳንዱን ብናኝ እንደ ጃርት እሾሃም ያደርገዋል፣ ሁለት ብናኞች መጠጋት አይችሉም። በዚህ ዓይነቱ ማከያ ውሃውን በ20 በመቶ መቀነስ ከባድ አይደለም፤ 30 ሊትሩ 24 ይሆናል፣ ስላምፑ፣ ማለትም የአርማታው ቅጥነት ልኬት፣ ግን አይለወጥም። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 1 በመቶ ይግባ ቢባል፣ ይህን ሁሉ የሚሠራው ግማሽ ኪሎ ማከያ ነው።

ጃፓኖች ከዚህም አልፈው ሄዱ። ቫይብሬተር በደንብ የሚይዝ ባለሙያ እየጠፋ ሲመጣ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ሃጂሜ ኦካሙራ እ.ኤ.አ. በ1986 ሳይነካካ በራሱ ክብደት ፈስሶ ካሳፎርማውን የሚሞላ አርማታ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ በ1988 ተሳካ። ያለ ልዕለ ማለስለሻ የማይታሰብ ነገር ነበር።

ብናኙን የሚለብስ ነገር ግን ውሃውንም በመጠኑ ይከለክላል። ብዙ ማለስለሻዎች ሃይድሬሽንን የሚያዘገዩት ለዚህ ነው። ሆን ተብሎ ለማዘግየት የሚገባው «ማዘግያ» ይባላል፤ ከሁሉ የሚገርመው ማዘግያ ደግሞ ኩሽና ያለው ስኳር ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ግራም ስኳር፣ ማለትም 0.05 በመቶ፣ አርማታው የሚይዝበትን ጊዜ 4 ሰዓት ገደማ ይገፋዋል። ወደ ግማሽ ኪሎ ከፍ ካለ ጨርሶ ላይዝ ይችላል። መንገድ ላይ የተበላሸ የሚክሰር መኪና ሾፌር አርማታው በርሜሉ ውስጥ ድንጋይ እንዳይሆንበት ስኳር የሚጨምረው ይህን አውቆ ነው። ሻይ የሚጠጣ ሠራተኛ የስኳር ከረጢቱን ከሚክሰሩ ራቅ አድርጎ ቢያስቀምጥ አይከፋም።

የዚህ ተቃራኒ «ማፋጠኛ» ነው። ርካሹ ካልሲየም ክሎራይድ ነው፣ ግን ፌሮን ያዝጋል፤ ስለዚህ ፌሮ ያለበት አርማታ ውስጥ አይግባ።

ሳይት ላይ ብዙ ጊዜ «ማከያው አልሠራም» ሲባል ጥፋቱ የማከያው አይደለም። ጭቃ ያለበት አሸዋ ፖሊካርቦክሲሌትን ይመጠዋል፣ ለሲሚንቶው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቅደም ተከተሉም ይወስናል፤ በተለይ የቆየውን የናፍታሊን ልዕለ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ውሃ ጋር ካፈሰሱት በሲሚንቶው ውስጥ ፈጥኖ የሚዋሃደው አሉሚኔት ይውጠዋል። ውሃው ገብቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ከቦካ በኋላ ቢጨመር ያው መጠን የበለጠ ያለሰልሳል። አንዱን ፋብሪካ የሚስማማ ማከያ ሌላውን ላይስማማ ስለሚችል፣ የሲሚንቶው ዓይነት በተለወጠ ቁጥር የሙከራ ቡኮ ተሠርቶ ስላምፑ ወዲያውኑና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይለካ። መጠኑ ካለፈ ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ አርማታውም በነጋታው ጣት ያስገባል። ያን ጊዜ ሲሚንቶ መነስነስ አያድነውም፤ በፕላስቲክ ሸፍኖ መጠበቅ፣ ካሳፎርማውን ማንሳት ደግሞ በቀን ቆጠራ ሳይሆን በናሙና ኪዩቡ ውጤት መወሰን ነው።