የሕግ ማስተማሪያ መጻሕፍት በኢትዮጵያ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የአገሪቱ ዋና ዋና ሕጎች ገና አዲስ ነበሩ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በ1954 ዓ.ም. ታውጀዋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ እስከ 1958 ዓ.ም. አልወጣም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ 3367 አንቀጾች ሲኖሩት፣ ለተማሪ የሚያብራራ መጽሐፍ ግን አልነበረውም።

ከውጭ መጽሐፍ ማስመጣት ችግሩን አይፈታውም ነበር። ከመምህራኑ ብዙዎቹ በዳኞች ፍርድ ላይ በተመሠረተው በአሜሪካ የሕግ ሥርዓት የተማሩ አሜሪካውያን ነበሩ። የኢትዮጵያ ሕጎች ግን በአብዛኛው ከአህጉራዊ አውሮፓ የተቀዱ ናቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀለኛ መቅጫውን ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ነበሩ። ስለ ምንጮቹ የተጻፈው ማብራሪያ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ሲሆን ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። የአገር ውስጥ ፍርዶችም ሳይታተሙ በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ይቀመጡ ነበር።

ስለዚህ መምህሩ መጽሐፍ ከመምረጡ በፊት ራሱ ማዘጋጀት ግድ ሆነበት። ፍርዶችን ከየመዝገቡ ያሰባስባል፣ ከአንቀጾቹ ጋር ያዛምዳል፣ በስቴንስል አባዝቶ ለክፍሉ ያድላል። እ.ኤ.አ. በ1964 መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት የተመረጡ ፍርዶችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ በማውጣት ለዚህ ሥራ ትልቅ አቅም ሆነ።

ከዚህ ጥረት የወጡት መጻሕፍት ሁለት መልክ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተሙት ሁለት የወንጀል ሕግ መጻሕፍት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያሉ። የፊሊፕ ግራቨን መግቢያ መጽሐፍ በአውሮፓ ልማድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን ከአንቀጽ 1 እስከ 84 በቅደም ተከተል ያብራራል። የስቲቨን ሎወንስታይን ስብስብ ደግሞ በአሜሪካ ዘዴ ፍርዶችንና ልዩ ልዩ ጽሑፎችን ከጥያቄዎች ጋር አቅርቦ ተማሪው ራሱ እንዲከራከር ይጋብዛል። የመጀመሪያው የሕጉን ትርጉም ያስጨብጣል፤ ሁለተኛው ሕጉ በጉዳይ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ያለማምዳል። ቀጥለውም የሮበርት ሴድለር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት መጽሐፍ በ1968፣ የስታንሊ ፊሸር የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ስብስብ በ1969 እ.ኤ.አ. ታተሙ።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ይህን ሥራ አቋረጠው። ተማሪዎች ወደ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሄዱ፣ የውጭ መምህራንም ለቀቁ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ የመንግሥት ሲሆኑ፣ በንብረት ሕግ ማስተማሪያዎች ውስጥ ስለ መሬት ባለቤትነት የተጻፈው አብዛኛው ከሥራ ውጭ ሆነ። የሥነ ሥርዓት መጻሕፍቱ ግን ሕጎቹ ባለመሻራቸው እየተባዙ ለአሥርት ዓመታት አገለገሉ።

የሕግ ትምህርት ቤቶች በየክልሉ ሲበራከቱ የመጽሐፍ እጥረቱ እንደገና ጎላ። በ2000 ዓ.ም. ግድም የፍትሕና የሕግ ሥርዓት ምርምር ኢንስቲትዩት በየዩኒቨርሲቲው ያሉ መምህራን ለየኮርሱ ማስተማሪያ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ አደረገ። ከዚያ በፊት በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ ደንግጎ ነበር። የችሎቱ ውሳኔዎች በቅጽ መታተማቸው ለመምህሩ ቀደምቶቹ ያላገኙትን ሀብት አስገኘለት፤ ፍርድ ለመፈለግ መዝገብ ቤት መንከራተት ቀረ።

አንድ ጉድለት ግን ከጅምሩ አብሮ ዘልቋል። ተማሪው በአብዛኛው የሚያነበው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ተመርቆ የሚከራከረው በአማርኛ ወይም በክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያዎቹ መምህራን የአገሩን ሕግ ከአገሩ ፍርድ ጋር አስተሳስረው ማስተማር እንደሚቻል አሳይተዋል። የዛሬዎቹ መምህራን ይህን ዘዴ ይዘው በችሎት በሚነገሩት ቋንቋዎች የተሟላ መጽሐፍ ሊያዘጋጁ ይገባል።