የሸክላ ሠሪዎች እቶንና የሠራተኞቹ ስም

ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ትዝ የሚለን የነገሥታትና የጦር አለቆች ነገር ነው። ዳሩ ግን ንጉሡም ሆነ ወታደሩ የበላበትን ሳህን፥ የጠጣበትን ዋንጫ የሠራ ሰው ነበረ። የዚህ ሰው ታሪክ በመጽሐፍ ባይጻፍም እንኳ አንዳንድ ጊዜ ከመሬት ውስጥ ተቈፍሮ ይገኛል። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ በፈረንሳይ አገር ስለ ተገኘ አንድ የጥንት የሸክላ ሥራ መንደር ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናስረዳ እንወዳለን። የዚያን አገር ዓመታት የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቦታው ላ ግሮፈዘንክ ይባላል። የሚገኘውም በደቡብ ፈረንሳይ፥ ታርንና ዱርቢ የተባሉት ወንዞች በሚገናኙበት፥ ሚዮ በምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። አገሩ በሮማ መንግሥት ሥር በነበረበት በመጀመሪያው መቶ ዓመት፥ በዚህ መንደር ቀይና አንጸባራቂ የሆነ ሸክላ እየተሠራ ወደ ሩቅ አገር ይላክ ነበር። ለዚህም ምስክር አለ። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ የፖምፔይን ከተማ ሲቀብር፥ ከላ ግሮፈዘንክ የመጡ ሳህኖች ያሉበት ገና ያልተፈታ ሣጥን አብሮ ተቀበረ። በ1881 ዓ.ም. ሲገኝ ሳህኖቹ ብቻ 90 ያህል ነበሩ።

ይህን ሁሉ ሸክላ ያበሰለው እቶን ቀላል አልነበረም። በኋላ ተቈፍሮ የተገኘው ትልቁ እቶን ርዝመቱ 11 ሜትር፥ ወርዱ 7 ሜትር ያህል ነው። ከታች እሳቱ ይነዳል፤ ትኩሱ አየር በሸክላ ቧንቧዎች ውስጥ እያለፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚህም ጢሱ ዕቃውን ሳይነካው ቀይ መልኩ ጠርቶ ይወጣል። ሙቀቱ ወደ 1000 ዲግሪ ይደርስ ነበር። እሳቱ ከልክ ቢያልፍ ዕቃው ይጣመማል፥ እርስ በርሱም ይጣበቃል። እንዲህ የተበላሸው ሁሉ በጕድጓድ ስለ ተጣለ ለቈፋሪዎች ትልቅ ማስረጃ ሆኗል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የሠራተኞቹ ስም መገኘቱ ነው። በአንድ እቶን ውስጥ የብዙ ሸክላ ሠሪዎች ዕቃ ይገባ ስለ ነበር፥ የማን ዕቃ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጸሓፊው ገና ባልበሰለ ሳህን ላይ የሠሪውን ስም፥ የዕቃውን ዓይነትና ቍጥሩን በሹል ነገር ይጭር ነበር። ካስቶስ፥ አልባኖስ፥ ፊሊክስ፥ ማሱዌቶስ የሚሉ ስሞች ተነብበዋል። የአንዱ እቶን ጭነት ድምር ብዙ ጊዜ ከ25000 እስከ 30000 ዕቃ ይደርሳል። ጽሕፈቱ ላቲንን ከአገሩ ተወላጆች ከጎሎች ቋንቋ ጋር የቀላቀለ ነው። አባ ፍሬዴሪክ ኤርሜ የተባሉ ቄስ በቦታው ቈፍረው፥ እነዚህን ጽሕፈቶች በ1923 ዓ.ም. አሳትመዋል። እንዲሁም አንድ ገል ባሪያዎች ጭቃ በማውጣትና በእንጨት ሥራ የዋሉባቸውን ቀኖች ይዘረዝራል። ያ ውብ ሳህን የተገኘው በእነርሱም ድካም ነውና ይህን መዘንጋት አይገባም።

ወደ አገራችን መለስ ብለን ብናስተውል፥ እንስራውን፥ ጀበናውንና ምጣዱን የሚሠሩልን አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። እነርሱም በብዙ ስፍራ እቶን ሳይሠሩ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ያበስሉታል። አመዱን ነፋስና ዝናም ሲወስደው ለወደፊት ቈፋሪ የሚቀርለት ምልክት ጥቂት ነው፤ በሥራቸው ላይም ስማቸውን አይጽፉም። ይህም ሳያንስ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ነገር ግን ዐዋጅ ስድብን ቢከለክል የተረሳን ስም ሊመልስ አይችልም።

እንግዲህ የካስቶስ ስም ከ1900 ዓመት በላይ ቈይቶ እኛ ዘንድ የደረሰው፥ አንድ ጸሓፊ ለሒሳብ ብሎ ስለ ጻፈው ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ብዕርና ወረቀት አላጣንም። በገበያ ቀን እንስራ የምትሸጠውን እናት ስማቸውን፥ ጭቃውን ከየት እንደሚያመጡ፥ ሥራውንም ከማን እንደ ተማሩ በአክብሮት ጠይቀን ብንጽፍ፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የታሪክ ተማሪዎች ትልቅ ስጦታ ይሆናል።