የመዝጊያው ሸክም በአሮጌ ሜዳ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴን አልፎ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የሚያገኘው የመቅደላ አምባ፣ ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ለመሐንዲስም የሚነግረው አለው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአምባው ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ሁለት የጦር መሣሪያ ዘመናት ፊት ለፊት ተገናኙ።

ከዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ነፍጥ የታጠቁት የያዙት በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ነፍጥ የኋላ ጫፍ የተደፈነ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚመጣው ኃይል ተኳሹን አያሳስበውም። ከናፒየር ወታደሮች ከፊሎቹ የያዙት ስናድር ግን ከኋላ ይከፈታል፤ በተኳሹ ፊትና በባሩዱ ኃይል መካከል ያለው አንድ ትንሽ መዝጊያ ብቻ ነው።

ይህ መዝጊያ ምን ያህል ይሸከማል? ስሌቱ የጋዙን ግፊት በቀለሁ መቀመጫ የውስጥ ስፋት ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል የመቀመጫው ወርድ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 1.77 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግፊቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 1000 ኪሎ ቢደርስ ሸክሙ 1770 ኪሎ ነው። በእርግጥ ቀለሁ በግፊቱ ተነፍቶ ግድግዳውን ስለሚጨብጥ ከሸክሙ ከፊሉን ያቃልላል። ነገር ግን ዘይት የነካው ቀለህ ስለሚንሸራተት ጠንቃቃ መሐንዲስ ይህን ርዳታ ሳይቆጥር ሙሉውን ሸክም ይይዛል።

በዚያው ዕለት በፋላ ተራራ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ታላላቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያ ተኩሱ ፈነዳ። ግፊቱ ሳይለወጥ የመድፍ ወርድ በእጥፍ ሲያድግ የኋላው ሸክም አራት እጥፍ፣ በአሥር ሲያድግ መቶ እጥፍ ይሆናል። የጎኑም ግድግዳ ከወርዱ ጋር መወፈር አለበት። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አሜሪካዊው ሮድማንና ብሪታንያዊው ኖብል በመድፍ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለኩበትን ዘዴ አበጅተው ነበር። የጋፋት ቀላጮች ግን ከእሳትና ከናስ ጋር ሲታገሉ በእጃቸው የነበረው የዐይን ግምት ነበር።

ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ ተቀምጧል። ያንን ክብደት በተራራና በገደል ጎትቶ አምባ ላይ ያወጣ ሕዝብ ብርታት አልጎደለውም፤ የጎደለው መለኪያ ነበር።