ከዳሌ ስብራት በኋላ የሚደረግ ክትትልና የአጥንት ስካን ምርመራ

የዳሌ ስብራት ሕክምና በቀዶ ሕክምና ብቻ አይጠናቀቅም። ስብራቱ በጭን አጥንት አንገት ላይ ሲደርስ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄዱ የደም ሥሮች ሊጎዱ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ስብራቱ ሳይገጥም ሊቀር፣ ወይም የአጥንቱ ራስ ከወራት አልፎም ከዓመት በኋላ ሊሞት ይችላል።

የመዳኑ ሂደት በቅድሚያ የሚታየው በራጅ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ነዋሪዎች ሕመሙ ቢቀንስም እንኳ ቀጠሯቸውን ማቋረጥ የለባቸውም፤ ከአካባቢያቸው ጤና ተቋም ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ።

የአጥንት ስካን የሚታዘዘው ራጅ በቂ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። አነስተኛ ጨረር ያለው ቴክኒሺየም 99m የተሰኘ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ በጋማ ካሜራ ምስል ይነሳል። ደም የማይደርሰው የአጥንት ክፍል ንጥረ ነገሩን ስለማይስብ ባዶ ሆኖ ይታያል። በመዳን ላይ ያለ አጥንት ደግሞ ለወራት አብዝቶ ስለሚስብ ውጤቱ ከራጁ ጋር ተገናዝቦ በባለሙያ ይተረጎማል።

የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ካላቸው ተቋማት አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ተገልጋዮች ያለ ሪፈር ወረቀትና ያለ ቀጠሮ ጉዞ እንዳይጀምሩ ይመከራል። ሲሄዱም፦

• የቀድሞ ራጆችንና የቀዶ ሕክምና ማስረጃን፣
• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያን መያዝ፣
• እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት ካለ አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል።

አዲስ የብሽሽት ሕመም፣ የእግር ማጠር ወይም መርገጥ አለመቻል ሲከሰት በወጌሻ ከመታሸት ተቆጥቦ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።