ስርገት

ስርገት አንድ ነገር በሌላው ውስጥ ቀስ እያለ ዘልቆ መግባቱ ነው፤ ዝናብ ወደ መሬት እንደሚሰርገው። በቆዳ ሕክምና ይህ ቃል ከመቀባት ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል፤ መድኃኒቱ ቆዳ ላይ ዋለ ማለት ሰረገ ማለት አይደለምና። ሐረር ለዚህ ማስረጃ አላት። በግንብ በታጠረው አሮጌው የከተማዋ ክፍል በጁገል ለሠርግ እጅ ላይ የሚደረገው የሒና ቀለም የሞለኪውል ክብደቱ 174 ዳልተን ነው፤ ቆዳን ለማለፍ በተለምዶ ወሰን ከሚባለው 500 ዳልተን በብዙ ያንሳል። እንዲያም ሆኖ እርጥቡ ሒና ለሰዓታት መቆየት አለበት። ቀለሙም በአብዛኛው የላይኛውን የሞተ የቆዳ ንብርብር ይዞ ይቀራል፤ ንብርብሩ ሲረግፍም ይደበዝዛል።

ስለዚህ ስርገትን የሚያግዘው አብዝቶ መለቅለቅ ሳይሆን እርጥበትና ጊዜ ነው። ከሐረር ወጣ ብሎ የሚገኘው ቢሲዲሞ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ሲያክመው በኖረው የሥጋ ደዌ ሕመም፣ ታማሚው የደረቀ እግሩን በቅድሚያ ውሃ ውስጥ እንዲዘፈዝፍ፣ ከዚያ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን እንዲቀባ ይመከራል። ቅባቱ ውሃው እንዳይተን ይከላከላል፤ የራሰ ቆዳም ይለሰልሳል።

«እንግዲያው ይበልጥ የሰረገ ሁሉ ይሻላል» የሚል ይኖራል። አይደለም። የስቴሮይድ ቅባት በፕላስቲክ ሲሸፈን ስርገቱ እስከ 10 እጥፍ ሊጨምር ይችላል፤ የፊት ቆዳም ከክንድ ቆዳ ይልቅ አብዝቶ ያሳልፋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማቅላት ሲባል ፊት ላይ ለወራት የሚቀባ ስቴሮይድ ቆዳን የሚያሳሳው ለዚህ ነው። መልካም ስርገት ማለት ተገቢው መጠን፣ ተገቢው ቦታ፣ ለተገቢው ጊዜ መድረሱ ነው፤ ፋርማሲ ስንቆም ሦስቱንም እንጠይቅ።