በነዳጁ ዘመን የተዘጋ በር

ባለፈው የገና ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ከይጁቤ ደወለልኝ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረጅም ነበር፤ የከብቱን፣ የጤፉን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ። በኬሚካል ምሕንድስና ከተመረቀ ሦስት ዓመት ያለፈው ልጁ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ደላላ አግኝቷል። ደላላው ዐረብ አገር «የነዳጅ ካምፓኒ ሥራ» አለ ብሎታል። ለዚህም የሚከፈል ገንዘብ አለ። ወንድሜ ከጓሮው ያለውን ባሕር ዛፍ ለመሸጥ፣ ካልበቃም ሁለት ጥማድ መሬት ለአምስት ዓመት ለማከራየት አስቧል። «አንተ የተማርህ ነህ፤ ነገሩ እውነት ነው ወይ?» አለኝ።

የታሪክ መምህር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን ከሩቅ መጀመሩ የሙያ በሽታ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ግልጽ ነገር አለ። ከእኛ አገር ወደ ነዳጅ አምራቾቹ አገሮች ከሄደው ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ነዳጁን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው የነዳጁን ገንዘብ ነው፤ እሱም በሰው ቤት ወጥ፣ በሰው ልጅ፣ በሰው ግመል፣ በሰው መኪና በኩል የሚደርሰውን ፍርፋሪ። በጉድጓዱና በማጣሪያው ካለው የውጭ አገር ሠራተኛ ብዙው የኬራላ ሕንዳዊ፣ ፓኪስታናዊ ወይም ፊሊፒናዊ ነው። ለምን? «እነሱ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ሙያ አላቸው» የሚለው መልስ ከእውነት የራቀ ባይሆንም በቂ ግን አይደለም። እንደ እኔ እምነት ዋናው መልስ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ 1966።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የዐረብና የእስራኤል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሦስት ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥር 1974 ከ11 ዶላር በላይ ደረሰ። ይህ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ሠራ። በባሕረ ሰላጤው ወደብ፣ ማጣሪያ፣ መንገድና ከተማ የሚያሠራ ገንዘብ አዘነበ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የቤንዚን ዋጋ አስወደደ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በትምህርት ሴክተር ሪቪው ምክንያት በዚያው ቀን አድማ መቱ። ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑን ዋጋ ከፊሉን ዝቅ ቢያደርጉም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። አብዮቱ የነዳጅ ልጅ ነው ማለቴ አይደለም፤ ረሃቡ፣ መሬቱ፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ሁሉ በየራሱ ምክንያት ነው። ነገር ግን የክብሪቱ ጫፍ ነዳጅ ነክቶት ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። ታክሲዎቹ በቆሙ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1 ቀን 1974፣ ማኒላ ላይ ፕሬዚዳንት ማርቆስ የሠራተኛ ሕግ ፈረሙ። ይህ ሕግ ዜጎችን ወደ ውጭ ለሥራ የሚልክ የመንግሥት አካል አቋቋመ። ማርቆስ ይህን ያደረጉት ለሕዝባቸው አዝነው ነው የሚል የለም፤ ሥራ አጡና የውጭ ምንዛሬው አስጨንቋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የኮሪያው ሀዩንዳይ የሳውዲ ዐረቢያን የጁቤይል ወደብ የመሥራት ውል አገኘ፤ ሠራተኞቹን ከአገሩ ይዞ ገባ። በያጁ፣ ቧንቧ ገጣሚው፣ ኤሌክትሪሻኑ ከእስያ በመርከብና በአውሮፕላን ጎረፈ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት የገባው ፎርማን ሆነ፤ ፎርማኑ የእኅቱን ልጅ አስጠራ፤ የእኅቱ ልጅ የሰፈሩን ልጅ። በስደት ሥራ ቀድሞ የደረሰ ወንበሩን ለዘመዱ ያወርሳል።

በዚያው ዐሥር ዓመት እኛ የት ነበርን? በሩ ተዘግቶብን ነበር። በደርግ ጊዜ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ለተራ ሰው የሰማይ ያህል የራቀ ነበር። የወጣው በሱዳንና በጅቡቲ በረሃ በእግሩ የወጣው ነው። እሱም በሠራተኛ ስም ሳይሆን በስደተኛ ስም ነው የተመዘገበው። ስደተኛን ደግሞ ማንም ሙያውን አይጠይቀውም።

ዝግጅቱ አልነበረንም እንዳይባል ደግሞ ነበረን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮን ጎብኝተው 400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው ተመለሱ። በሶቪየቶች እርዳታ ለጎጃም የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በእነዚሁ ሶቪየቶች እርዳታ የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ተተክሎ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። ትምህርት ቤቱ በጣና ዳር፣ ፋብሪካው በቀይ ባሕር ዳር። አንድ ትውልድ ቢታገሡት ኖሮ ቧንቧና ቦይለር የሚያውቅ ሕዝብ ሊወጣ ይችል ነበር።

እኔ ልጅ ሳለሁ በእኛ አካባቢ አሰብ ወርዶ ይሠራ የነበረ አንድ ጎረቤት ነበረን። ሲመጣ ፕላስቲክ ጀሪካንና ባትሪ ራዲዮ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ስለ ሙቀቱ የሚያወራውን ደገኛው ሕዝብ እንደ ተረት ይሰማው ነበር። ነዳጅ ሲጣራ አይቻለሁ የሚል የመጀመሪያው የማውቀው ሰው እሱ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ አያውቅም፤ የሠራው በአገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ግን፣ እሱ አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ የሥራ ቦታው ውጭ አገር ሆነ። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፤ በ1990 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ የቀረውን ጨረሰው። ጎረቤታችን በባዶ እጁ ወደ ይጁቤ ተመልሶ ከወንድሙ ጋር እርሻ ገባ። ስለ መሰደድ ብዙ እንጽፋለን፤ አገሩ ስለ ተሰደደበት ሰው ግን የጻፍነው ጥቂት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ተከፈተ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ከአገር የመውጣትን መብት ደነገገ፤ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ዐዋጅ ቁጥር 104 በ1990 ዓ.ም. ወጣ። ነገር ግን የደረስነው ወንበሩ ሁሉ ከተያዘ በኋላ ነው። የቀረው የቤት ውስጥ ሥራ፣ ዘበኝነትና እረኝነት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የተጫነው የከፋላ ሥርዓት ሠራተኛውን ከአሠሪው ፈቃድ ጋር ያስረዋል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዐረብ አገር ለሥራ መሄድን አገደ፤ በማግሥቱ ኅዳር ሳውዲ ዐረቢያ ባካሄደችው ማባረር ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን በጥቂት ወራት ተመለሱ። ቀጥሎ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 923/2008 ተጓዡ ስምንተኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ ጠየቀ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ መሐንዲሶችን የሚያስመርቅ መንግሥት፣ ዜጋው ሲሄድ በዓይነ ኅሊናው የሚታየው የቤት ሠራተኛ ብቻ ነው።

የወንድሜ ልጅ ነገርም ከዚህ አይለይም፤ የአካባቢውም ጣጣ ይጨመርበታል። በክልላችን መሬት ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ካልወረሰ በቀር መሬት የለውም። የቀድሞው ወጣት ክረምት ሲወጣ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርድ ነበር፤ የባሰበትም ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ሱዳንም ራሷ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነዳጅ ሻጭ ነበረች፤ የኛ ሰው ግን ካርቱም ላይ ሻይ ቤትና ግንባታ ነው ያገኘው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 እዚያም ጦርነት ተነሣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልላችንን መከራ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ለዚህ ልጅ የቀረለት ደላላው ነው።

ወንድሜን ውሉን በስልክ አስልክልኝ አልሁት። ዐዋጁ የቪዛውንና የጉዞውን ወጪ በአሠሪው ላይ የጣለ ስለሆነ የተጠየቀው ገንዘብ ራሱ አስጠርጥሮኝ ነበር። ደግሞም የነዳጅ ኩባንያ ሠራተኛ ሲቀጥር ፈተናና የሙያ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ከልጁ የተጠየቀው ፓስፖርትና ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ውሉ በዐረብኛ ስለ ነበረ ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት። አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። የሥራው መደብ «እረኛ» ይላል።

ለወንድሜ ደውዬ ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «እረኝነቱንማ እዚህስ መች አጣነው» አለና ስልኩን ለልጁ ሰጠው። ልጁ በትሕትና አዳመጠኝ። «ጋሼ፣ እዚያ ከደረስሁ በኋላ ሥራውን አልለውጠውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳውዲ ዐረቢያ በ2013 ዓ.ም. ሠራተኛ አሠሪውን እንዲለውጥ የሚፈቅድ ማሻሻያ ማድረጓን፣ ማሻሻያው ግን የቤት ሠራተኛንና እረኛን እንደማይጨምር አስረዳሁት። እሺ አለኝ።

ባሕር ዛፉ ግን ቀድሞ ባለፈው ሳምንት ተቆርጦ ተሸጧል፤ ከገንዘቡም እኩሌታው ደላላው እጅ ገብቷል።