ስለ ጥንታውያን የእንግሊዝ ሰዓቶችና ስለ አዋሽ ሸለቆ



በአዋሽ ከተማ የሚሠራ አንድ ጸሓፊና በሰመራ የሚሠራ ባልንጀራው በስልክ ሲነጋገሩ፥ ሁለቱም ሰዓታቸውን አይተው «ስድስት ሰዓት ሆኗል» ቢባባሉ የሚታዘባቸው የለም። ፀሓይ ግን በዚህ አትስማማም። አዋሽ በ40ኛው፥ ሰመራ በ41ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ አጠገብ ስለሚገኙ፥ ቀትር ሰመራ ላይ ከአዋሽ ሦስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይውላል። የሁላችንም ሰዓት የተስተካከለው ደግሞ ከሁለቱም ከተሞች በስተምሥራቅ በሚያልፈው በ45ኛው ዲግሪ መስመር ነው። ስለዚህ ሰዓታችን የአዋሽን ፀሓይ በአማካይ በ19 ደቂቃ ይቀድማታል።

ይህች ጥቂት ደቂቃ ምን ዋጋ አላት የሚል ቢኖር፥ መልሱን ከባሕር ላይ ያገኘዋል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ለአንዱ ዲግሪ አራት ደቂቃ ይደርሰዋል ማለት ነው። መርከበኛ የአገሩን ሰዓት በእጁ ይዞ ካለበት ስፍራ ቀትር ጋር ቢያስተያይ፥ ኬንትሮሱን ያውቃል። ሰዓቱ አራት ደቂቃ ከተሳሳተ ግን በምድር ወገብ አጠገብ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል። ፔንዱለም የተባለው ተወዛዋዥ ዘንግ በማዕበል ስለሚናወጥ፥ ሙቀትና ብርድም ብረቱን ስለሚለዋውጡት፥ የየብስ ሰዓት ለባሕር አልሆነም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ባለማወቃቸው በሲሊ ደሴቶች ዐለት ላይ ተሰብረው ከሺህ በላይ ሰዎች አለቁ። በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስ የሚታወቅበትን ዘዴ ለሚያገኝ እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት ወሰነ።

ዘዴውን ያገኘው አናጢው ጆን ሐሪሰን ነበር። የመጀመሪያው የባሕር ሰዓቱ 34 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ነበር፤ በ1759 የፈጸመው አራተኛው ግን 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ትልቅ የኪስ ሰዓት መሰለ። ይኸው ሰዓት ወደ ጃማይካ በተጓዘ ጊዜ በ81 ቀን የዘገየው አምስት ሴኮንድ ብቻ ነው ተባለ።

አንባቢ ሆይ! እንዲህ ያለ ሥራ በክብር ሲጠበቅ የኖረ ይመስልህ ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። በ1920 ሩፐርት ጉልድ የተባለ የባሕር ኃይል መኰንን የሐሪሰንን ሰዓቶች ግሪንዊች ላይ ቆሽሸውና ተበላሽተው አገኛቸው። ያለ ደመወዝ እስከ 1933 ድረስ ሲያጸዳና ሲጠግን ቆየ፤ የፈታውንና የገጠመውንም በደብተር ይጽፍ ነበር። የኮርትኔ ኢልበርት የሰዓት ስብስብም በ1958 በብሪቲሽ ሙዚየም እጅ ስለ ገባ ከመበታተን ዳነ።

የጥንት ሰዓት ሰብሳቢነት እንግዲህ የሚያብለጨልጭ ነሐስ ማከማቸት አይደለም። በሰዓቱ ገጽ ላይ «ለንደን» ተብሎ መጻፉም ማስረጃ አይበቃም፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በለንደን ሰዓት ሠሪዎች ስም ሌሎች የሠሯቸው ብዙ ናቸውና። ዋናው ነገር የሠሪውን ስም፥ ቍጥሩን፥ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ማወቅ ነው።

ወደ ሸለቋችን እንመለስ። አዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር ለአፋር ሕዝብ የታወቀ ነገር ነው፤ ዊልፍሬድ ቴሲገር ግን ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶና አውሳን አቋርጦ በ1934 ለውጭው ዓለም አረጋገጠ። የአገሬው ሰው ያወቀው ሳይጻፍ ስለ ቆየ፥ ግኝቱ የጻፈው ሰው ተባለ። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውም የምድር ባቡር እያንዳንዱ ጣቢያ በየፀሓዩ ቢያድር ኖሮ ሊሄድ አይችልም ነበር፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ጸሓፊዎቻችን በአንድ ሰዓት የሚስማሙት።

ስለዚህ በቤትህ የአያትህ የኪስ ሰዓት፥ በመሥሪያ ቤትህም የቆመ የግድግዳ ሰዓት ቢኖር፥ ለመጣል አትቸኵል። ክዳኑንም በችኰላ አትወልውል፤ ጽሑፉ ይጠፋል። አስቀድመህ ብዕርህን አንሣ፤ የማን እንደ ነበረ፥ ከወዴት እንደ መጣ፥ ምን እንደ ተጻፈበት በደብተር አስፍር። የቆመ ሰዓት በባለሙያ እጅ ሊነሣ ይችላል፤ ያልተጻፈ ታሪኩን ግን የሚያስነሣ ባለሙያ የለም።